ስለተነሣው ወንበር ለክቡር ከንቲባችን የቀረበ ምስጋና

ወንድሜ ሙጫዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ትናንት ምሳዋን ጨርሳ በላች። መሰላልህ ከበሩ ኋላ እንደቆመ ነው፤ ብሩሽህንም አጥቤ ሰቅዬዋለሁ። ለከንቲባው ደብዳቤ ልጽፍ ተቀምጫለሁና በትከሻዬ ላይ አንገትህን አስግገህ አንብብልኝ፤ በትልልቅ ሰዎች ወረቀት ላይ የተሳሳተ ፊደል ስታገኝ መሰላል ላይ ሆነህ የምትስቅ ሰው ስለሆንክ፣ የእኔን ስህተት ቀድመህ ብታየው ይሻላል። «ለትልቅ ሰው ስትጽፍ መጀመሪያ ጤናውን ጠይቅ፣ ቀጥለህ አመስግን። ቅሬታህን እንደ ሙጫ በስሱ ቀባው፣ ስኳር ጣል አድርግበት፤ ከዚያ በዝናብም አይለቅም» ያልከኝን አልረሳሁም። እንደዚያው አደርጋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ለእሳቸው ነው።

ለክቡር የከተማችን ከንቲባ፣ ለሚመጣውም ዘመን የከንቲባነት ዕጩ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብና አንድ ክዳን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ የቅስቀሳ ወቅት በየአደባባዩ ሲናገሩ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ፣ በየሰፈሩ ሲጨብጡ እጅዎ እንዳይዝል፣ ከመኪናዎ ወርደው ወደ መድረክ ሲራመዱ ደግሞ እግርዎ ጉድጓድ እንዳያገኘው ዘወትር እመኝልዎታለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ከልቤ ነው የምመኘው፤ ጉድጓድ ምን እንደሚያደርግ ከቤተሰባችን ይበልጥ የሚያውቅ የለምና።

ራሴን ላስተዋውቅ። በከተማው ምሰሶዎች ሁሉ ላይ፣ ከእርስዎ ፎቶ ዝቅ ብሎ፣ በጥቁር ሪባን ተከብቦ የሚያዩት ባለ መስመር ሸሚዝ ወጣት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሞትኩ በቅደም ተከተል እመጣበታለሁ።

ታላቅ ወንድሜ የምርጫ ፖስተር ለጣፊ ነበር፤ ሰፈሩ «ሙጫው» ይለዋል። ከትምህርት ቤት ስወጣ ባልዲውን የምሸከምለት እኔ ነበርኩ። ጠዋት የእርስዎን ይለጥፋል፣ ከሰዓት በኋላ የተቀናቃኝዎን፣ በዚያው ግንብ፣ ከዚያው ባልዲ። ለማን እንደሚያደላ የሚጠይቀው ሲመጣ «እኔ የማደላው ለግንቡ ነው» ይል ነበር። በሙያው ሕግ አሮጌ ፖስተር አይቀደድም፣ ይደረብበታል፤ ስለዚህ የመንገዳችን ጥግ ላይ ያለው ግንብ ከልጅነቴ ጀምሮ የተወዳደሩትን ሁሉ አንዱን በአንዱ ላይ አዝሎ ይኖራል። ወንድሜም በመዳፉ ቸብ ቸብ እያደረገው «ይህን ግንብ ያቆመው ሲሚንቶ እንዳይመስልህ፤ የተገባ ቃል ነው» ይለኝ ነበር። መሰላሉ ያረጀ የእንጨት መሰላል ነው። ከመውጣቱ በፊት የመጀመሪያውን እርከን በእግሩ ጫን ይልና «እትዬ፣ ይችሉኛል?» ብሎ በትሕትና ይጠይቀዋል። ካልጮኸ ይወጣል፤ ከጮኸ «ይቅርታ እትዬ» ብሎ ሌላ ቦታ ያስደግፈዋል። ከዚያ መሰላል ላይ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። የወደቀው መሬት ላይ ሲራመድ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ወንበሩን ስላስነሡልን አመሰግናለሁ። ምናልባት ወንበሩን አያስታውሱት ይሆናል፤ እርስዎ ሲያልፉ አልነበረምና። በጥጉ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ፊት ለፊት፣ የጎርፍ ማስወገጃ ጉድጓድ አለ። ክዳኑን ቧንቧ ሊቀብሩ የመጡ ሠራተኞች አነሡት፤ ቧንቧውም ሳይቀበር ክዳኑም ሳይመለስ ቀረ። አቤት ለማለት ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ የሄዱ ጎረቤቶች «ተመዝግቧል» የሚል መልስ ይዘው ስለተመለሱ፣ ፀጉር አስተካካዩ አንድ እግሩ የተሰበረ የደንበኛ ወንበሩን አምጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ተከለው፤ መደገፊያው ላይም ቀይ ፌስታል አሰረበት። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ያለ ሕፃን ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፦ ወንበሩ ካለ ጉድጓዱ አለ። መንገድ የጠፋበት እንግዳ እንኳ ሲጠይቀን «ወንበሩን እንዳለፍክ በስተቀኝ» ነው የምንለው። ይህ እንግዲህ የእኛ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ነበር፤ በጀት አይጠይቅ፣ ስብሰባ አይወጣ፣ ሁልጊዜ በቦታው ነው።

ይሁን እንጂ የተቀናቃኝዎ የምርጫ ምልክት ወንበር ነው። እርስዎ በሰፈራችን ባለፉበት ዕለት የቅስቀሳ አስተባባሪዎ ቀድሞ ደረሰና ወንበሩን ሲያይ ደሙ ፈላ። በሕዝብ መንገድ ላይ የተተከለ የተቃዋሚ ቅስቀሳ መሆኑን ለሁላችንም አስረዳን። ፀጉር አስተካካዩ «ጌታው፣ ይህ ወንበር እኮ ፖለቲካ አያውቅም፤ እግሩ የተሰበረው የሥጋ ቤቱ ባለቤት ተቀምጦበት ነው» ቢለው አልሰማውም። ወንበሩ ተነቅሎ በመኪና ተወሰደ። እርስዎም እጅዎን እያውለበለቡ በሰላም አለፉ። ወዲያው ዝናብ ጣለ፤ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቶ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ሆነ።

እኔና ወንድሜ ፖስተርዎን ይዘን ስንመጣ ዝናቡ አባርቷል። እሱ መሰላሉን በትከሻው፣ የፖስተሩን ጥቅል በደረቱ ታቅፎ ከፊቴ ይሄዳል። ጥጉ ላይ ሲደርስ ቆም አለና ወንበሩን በዓይኑ ፈለገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ፊቱ በርቶ፣ የሚከተለውን ተናገረ፤ አንድም ቃል ሳልጨምር እጽፍልዎታለሁ፦ «አየህ፣ ምርጫ ደግ ነው። ደፈኑት። እግዜር ይስጣቸው።» ቀጥሎ ረገጠው።

መሰላሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድሞ ቀረ፤ እሱ አልቀረም። ስለዚያ ሰዓት ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ደብዳቤው የምስጋና ነውና።

ክቡር ሆይ፣ በየስብሰባው የሚያመሰግንዎት ሰው ብዙ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግማሹ ለወንበር፣ ግማሹ ለውሎ አበል ነው ይባላል። ወንድሜ ግን ማንም ሳያዘው፣ ካሜራ በሌለበት፣ በዚህ ዓለም የመጨረሻ ቃሉ አድርጎ አመሰገነዎት። እንዲህ ያለ ደጋፊ ከየትም አያገኙም። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምስጋናውን መልሶ ለመውሰድ ጊዜ አላገኘም።

ሁለተኛ፣ ቤታችን ድረስ መጥተው ለቅሶ ስለደረሱን አመሰግናለሁ። ቤታችን ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ስለሆነ፣ ካሜራዎ በሩ አልበቃ ብሎት በመስኮት እንዲገባ ሆኗል፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የካሜራው መብራት እስኪጠፋ ድረስ የእናቴን እጅ ይዘው መቆየትዎ ሁላችንንም ነክቶናል። በዚህ መካከል አስተባባሪዎ የሟቹን ፎቶ ጠየቀ። እማዬ ቀና ለማለት አቅም ስላልነበራት በእጇ ወደ ግድግዳው አመለከተች። ግድግዳው ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ አንዱ ወንድሜ በእኔ ዕድሜ ሳለ የተነሣው፣ ሌላው እኔ አምና የተነሣሁት። ፎቶ ቤቱ አንድ ነው፣ ከኋላ ያለው መጋረጃ አንድ ነው፣ ሸሚዙም አንድ ነው፤ እሱን ሲጠበው ለእኔ የደረሰኝ ባለ መስመር ሸሚዝ። አስተባባሪዎ የእኔን አውርዶ በብብቱ ሸጎጠው። በዚያች ሰዓት አጠገቡ ቆሜ ውኃ እያደልኩ ነበር። ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብሎ ጠጣ፣ ፊቴን ትክ ብሎ አየ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አለኝ፣ ወጣ።

ሳምንት ሳይሞላ ከተማው በእኔ ተሸፈነ። ከላይ እርስዎ፣ ከታች እኔ፣ በመካከላችን «ለከተማችን ሲለፋ የወደቀ። ሕልሙን እውን እናደርጋለን» የሚል ጽሑፍ። ሕልሙን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ሥራዎን ላቅልልዎት፤ የአሉሚኒየም መሰላል ነበር።

በዚህ የተነሣ የሞተ ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል ለማየት በቅቻለሁ። ባለ ሱቋ ሳሙና ልገዛ ብቅ ስል ሚዛኑን እግሯ ላይ ጣለችው። የክፍል ጓደኞቼ ስሜን ትተው «ነፍስ ይማር» ይሉኛል፤ «ነፍስ ይማር፣ ማስመሪያ አለህ?» «ነፍስ ይማር፣ ኳሱን አቀብል እንጂ፤ ሞተሃል እንዴ?» የሒሳብ መምህራችንም የቤት ሥራ ያልሠራን ልጆች ሲያስነሡ እኔ ጋ ሲደርሱ «አንተ እንኳ በቂ ምክንያት አለህ» ብለው አልፈውኛል። ለዚህች ውለታ በተለይ አመሰግናለሁ።

ስህተቱን ለማሳወቅ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ልሄድ ተነሥቼ ነበር፤ እማዬ ከለከለችኝ። እማዬ የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት። ሥራ ስትገባ በእነዚያ ምሰሶዎች ሁሉ ሥር ማለፍ ይኖርባታል። «ተወው» አለችኝ። «ያንተን ፊት እንጨት ላይ አይቼ ስመጣ በሩን የምትከፍትልኝ አንተ ነህ። የእሱን ቢሰቅሉት ማን ይከፍትልኛል?» እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ፎቶው እንዳይታረም በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። እስከ ምርጫው ቀን ድረስ እኔው ሞቼ ልቆይልዎ።

ሦስተኛ፣ ስለ ክዳኑ። ለቅሶ በደረሱ ማግስት በትልቅ መኪና አዲስ የኮንክሪት ክዳን መጣልን። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ እርስዎም በአንድ እግርዎ ረግጠው ጥንካሬውን ለሕዝብ አሳዩ። ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በነጋታው ያው መኪና ተመልሶ ክዳኑን ጭኖ ሄደ። ምነው ብለን ብንጠይቅ ሠራተኛው ቅን ሰው ነበርና ሳይደብቅ ነገረን፦ «ይህ እኮ የምረቃ ክዳን ነው፤ ነገ ሌላ ሰፈር ይመረቃል። የእናንተ ቋሚው ገና ጨረታ ላይ ነው።» ከዚያ ወዲህ ክዳናችንን በቴሌቪዥን በየሰፈሩ ሲመረቅ እናየዋለን። ጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ስላለችው እንለየዋለን፤ ብቅ ባለ ቁጥር አብሮ አደጋችንን እንዳየን ያህል ደስ ይለናል።

አራተኛ፣ ለፍትሕ ያህል ተቀናቃኝዎንም ላመስግን። የእሳቸውም ሰዎች መጥተው ነበር። ወንድሜ ወንበራቸው በመነቀሉ ምክንያት ስለሞተ የእነሱ ሰማዕት መሆኑን አበሠሩን፣ በቀለማቸው የተቀባ አዲስ ወንበርም አመጡ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ከእጃቸው አልተቀበለም፤ አስተባባሪዎ ምርጫው እስኪያልፍ ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ አንዳች ነገር የተከለ በሕግ እንደሚጠየቅ አስጠንቅቆት ነበርና። በርሜል እንዳናቆም በርሜል የአንድ የምክር ቤት ዕጩ ምልክት ነው። ዛፍ የሌላው ነው። ጃንጥላም ባለቤት አለው። የማንም የምርጫ ምልክት ያልሆነ ነገር ፈልገን ፈልገን ያገኘነው ሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት ጎረቤቱ ተራ ገብቶ ጉድጓዱ አጠገብ ይቆማል። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ፣ አንድ ቀን ባለ ሱቋ፣ አንድ ቀን የሥጋ ቤቱ ባለቤት ስለ ተሰበረው እግር እየተሸማቀቀ። አሁን ወንበሩ እኛ ነን። ነገ ጠዋት ተራው የእኔ ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ በጥጉ ላይ ስላቆሙልን ትልቅ የብረት ሰሌዳ አመሰግናለሁ። ቁመቱ እንደ በር፣ ወርዱም እንደ በር ነው። ሙሉ ፊትዎ አለበት፤ ሥሩም «ሸክማችሁን ለእኔ ስጡኝ» ይላል። ማሰሪያው ስለላላ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይወድቃል፣ እኛም እናነሣዋለን። ሰሌዳው ጉድጓዱን ምን ያህል እንደሚበልጠው ያየ ሰው ሁሉ፣ ያን የሚያህል ብረት ለፊት ከተገኘ ለክዳን እንዴት እንደታጣ ይገረማል፤ እኔ ግን የጨረታ ሥርዓት የተለያየ መሆኑን አስረዳቸዋለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ናት። ወንድሜን አልጠይቅዎትም፣ መሰላልም አልጠይቅዎትም። ሪባን የማይቆረጥለት፣ የማይጨበጨብለት፣ መጥቶ የሚቀር አንድ ክዳን ብቻ። ይህን ካደረጉልን፣ ወንድሜ ሳይገባዎት በፊት ያቀረበልዎትን ምስጋና እኔ እንዳለ አጸናልዎታለሁ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜዎና ወንበርዎ እንዲረዝም (ተቀናቃኝዎን ማለቴ አይደለም)፣ መንገድዎም ሁልጊዜ ደረቅ እንዲሆን እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በፖስተርዎ መሠረት ሟች፣
በእናቴ መሠረት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ

ግልባጭ፦
ለተቀናቃኝዎ
ለፀጉር አስተካካዩ
ለግንቡ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በሕይወት ካለሁ ዕድሜዬ ለመምረጥ አይደርስም። በፖስተርዎ ላይ ግን የሞትኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለመምረጥ ብቁ ነኝ ማለት ነው። ባለፈው ምርጫ በወዲያኛው ዓለም ያሉ የከተማችን ነዋሪዎች አንድ ሳይቀሩ ለእርስዎ ድምፅ ሰጥተዋል የሚል ሐሜት ስለሰማሁ፣ በዚህኛው ሰልፉ ከየት እንደሚጀምር እንዲነገረኝ በትሕትና አመለክታለሁ። የወንድሜን ድምፅ ግን እንዳይነኩብኝ። እሱ አንዴ ሰጥቶ ዋጋውን አይቷል።

ሌላም ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ትናንት ጽፌ ጨርሼው ነበር፤ የሚከተለው የዛሬ ጠዋት ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሌላ ወረቀት ጽፌ ከሥሩ የምለጥፈው። እስካሁን በወንድሜ አልጋ እየተኛች ከእኛ ጋር የከረመችው አክስቴ ትናንት ወደ ልጆቿ ተመለሰች። እማዬም ዛሬ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ገና በጨለማ ወጣች። ስነቃ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ የወንድሜ አልጋም ጥርት ብሎ ተነጥፏል። እሱ በዕድሜው አልጋ አንጥፎ የማያውቅ ሰው ስለሆነ፣ ብርድ ልብሱን በአንድ ወገን ጎተትኩና እንደ ወትሮው አበላሸሁት። ከዚያ የሙጫውን ዱቄት በውኃ በጠበጥኩ፣ ምድጃ ላይ ጥጄ አማሰልኩ፣ ስኳሩን ጣል አድርጌ እንደ እሱ በጣቴ ቀመስኩ። ባልዲውን ይዤ ወጣሁና ደብዳቤውን ግንቡ ላይ ለጠፍኩት። በሙያው ሕግ መሠረት ምንም አልቀደድኩም፤ ቦታ ስላልነበረ በእርስዎ ላይ ደረብኩ።

ሌሊት ነፋስ ስለነበረ ሰሌዳዎ ወድቆ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። የጉድጓዱ ተረኛ እኔ ነበርኩ፤ ፈተናም ነበረብኝ። ስለዚህ ሰሌዳዎን በብረት ማዕዘኑ ይዤ ጎተትኩትና ጉድጓዱ አፍ ላይ አጋደምኩት። ሱቁን ሊከፍት የመጣው ፀጉር አስተካካይ ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ አየኝና «ፊቱ ወደ ላይ ይሁን ወይስ ወደ ታች?» አለኝ። አሰብኩበት። ወደ ታች ባደርግዎ ጉድጓዱን ለማየት ይገደዱ ነበር፤ በጤናዎ ላይ ይህን አልፈርድም። ወደ ላይ አደረግሁዎት። አራቱንም ማዕዘን በድንጋይ አስያዝን፤ ያቺ «ሸክማችሁን ለእኔ ስጡኝ» የምትለዋ ጽሑፍ ልጆቹ በሚመጡበት በኩል ሆነች።

ከዚያ አንድ እግሬን አስቀድሜ ጫን አልኩና ወንድሜ ባስተማረኝ ትሕትና ጠየቅሁዎት፦ «ክቡር ከንቲባ፣ ይችሉኛል?»

አልጮኹም። በሁለት እግሬ ቆምኩ፤ ቻሉኝ። ደብተሬን ይዤ በላይዎ ተሻገርኩና ትምህርት ቤት ሄድኩ።